ጣቷ የት እንዳረፈ ያላየችው አክስቴ፦ መራጭን እንዴት እናስተምር? (ጅማ)

የአዌቱ ዳር | እሁድ፣ ከምሽቱ 2፡40

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ጅማ ነው። አስተማሪ ነኝ። ምክር ፈልጌ ነው የጻፍኩት። ረዘም ይላልና ታገሡኝ።

ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ጠዋት አክስቴን ይዤ ወደ ምርጫ ጣቢያ ሄድኩ። የሰኔ ጭቃ ነው፤ ጅማን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። አክስቴ የመራጭነት ካርዷን በመሐረብ ጠቅልላ፣ በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ይዛለች። ሰልፉ ረጅም ነበር። ተራዋ ደረሰና ገባች። ስትወጣ ፊቷ ልክ አልነበረም። ምን ሆንሽ ብላት «ምንም» አለች።

ቤት ገብተን ቡና ተፈላ። አቦሉ አለፈ። ቶናው ላይ ነው የተነፈሰችው። «ጣቴን ቀለም አስነክቼ ወረቀቱ ላይ አሳረፍኩ። ምልክቱ ጋ ይሁን መስመሩ ላይ ግን እንጃ። መነጽሬን ረስቼ ነው የሄድኩት» አለችኝ። ጣቶቿን ዘርግታ አሳየችኝ። አንዱ ላይ የአሻራው ቀለም፣ ሌላው ላይ ደግሞ የማይለቀው ቀለም። የመጀመሪያው በማግስቱ ለቀቀ። ሁለተኛው ጥፍሯ ላይ ሰነበተ። ባየሁት ቁጥር ያ ወረቀት ትዝ ይለኛል።

አሻራው በሁለት ተወዳዳሪዎች መሃል ካረፈ ያ ድምፅ ዋጋ የለውም። ተቆጥሮ ይሁን ተጥሎ እሷም እኔም እስከ ዛሬ አናውቅም። ያን ቀን ያናደደኝ ሌላ ሰው አይደለም፣ ራሴ ነኝ። ክፍል ውስጥ ስለ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 38 አስተምራለሁ። አክስቴን ግን አንድ ቁራጭ ወረቀት ሰጥቼ «እስቲ ሞክሪው» አላልኳትም።

አሁን የእድራችን ሴቶች ለመጪው ምርጫ አስተምሪን ብለውኛል። ከመካከላቸው አንዷ ውጭ አገር በማሽን እንደሚመረጥ ከልጇ ሰምታለች። እኛ ጋ ድምፅ የሚሰጠው በወረቀት ነው ብያቸዋለሁ። ቢሆንም ማሽኑ እንዴት እንደሚሠራ ማየት ይፈልጋሉ። እኔም ብትማሩት አይከፋም አልኩ።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። በማሽን የሚመርጡ አገሮች ማንበብ የማይችል ሰው እንዴት ነው የሚያስተምሩት? ደግሞስ አንድ ሰው እጁን ሳይይዙትና ወደ አንድ ወገን ሳይገፉት ማስተማር ይቻላል? የሚያውቅ ቢነግረኝ ደስ ይለኛል።

---

ከሂርማታ | እሁድ፣ ከምሽቱ 3፡05

እህቴ፣ አክስትሽ ብቻዋን አይደለችም። ሱቄ ሂርማታ ገበያ ነው። ባለፈው ምርጫ ጊዜ ግድግዳዬ ላይ ትልቅ የመራጮች ማስተማሪያ ተለጥፎ ነበር። ሥዕሉ ያምራል። ቆሞ ያነበበው ሰው ግን ጥቂት ነው። ሐሙስ ለገበያ ከገጠር የሚመጡት እናቶች ቀና ብለው ያዩትና ያልፋሉ። አንዷ «ይሄ የምን መድኃኒት ነው?» ብላ ጠይቃኛለች። ለኔ የገባኝ ነገር ቢኖር ሥዕል ማየትና በእጅ ማድረግ የሰማይና የምድር ያህል ይለያያሉ።

---

ከህንድ የተመለስኩ | እሁድ፣ ከምሽቱ 3፡50

የአዌቱ ዳር፣ ጥያቄሽ ልቤን ነክቶታል። ህንድ ስማር እ.ኤ.አ. የ2019 ምርጫ ደረሰ። የውጭ ዜጋ ስለሆንኩ ምርጫ ጣቢያ አልገባሁም። ማስተማሩን ግን ቆሜ አይቻለሁ።

መጀመሪያ ማሽኑን ልንገርሽ። እነሱ ኢቪኤም ይሉታል። ሁለት ክፍል ሆኖ በገመድ ይያያዛል። አንዱ ክፍል አስፈጻሚው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል። ሌላው ከመጋረጃው ጀርባ ነው። መራጩ የሚያየው ሁለተኛውን ነው። የተወዳዳሪው ስምና ምልክት በረድፍ ተደርድሯል። በእያንዳንዱ ፊት አንድ ሰማያዊ ቁልፍና አንዲት ትንሽ መብራት አለ። በቃ። ስክሪን የለውም፣ የሚጻፍ ነገር የለውም። በባትሪ ስለሚሠራ መብራት ቢጠፋም ግድ የለውም። ከኢንተርኔትም ጋር አይገናኝም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አስፈጻሚው የራሱን ቁልፍ ሲጫን መራጩ ጋ አረንጓዴ መብራት ይበራል። ማሽኑ ዝግጁ ነው ማለት ነው። መራጩ የፈለገውን ሰማያዊ ቁልፍ ይጫናል። ከምልክቱ ጎን ቀይ መብራት ይበራል፣ ማሽኑም ረዘም አድርጎ ይጮሃል። አጠገቡ ቪቪፓት የሚባል ሌላ ሳጥን አለ። በመስታወቱ ውስጥ የመረጥሽው ሰው ስምና ምልክት ያለበት ቁራጭ ወረቀት ለ7 ሰከንድ ይታይሽና ተቆርጦ ወደ ታች ይወድቃል። ወረቀቱን ይዘሽ አትሄጂም። ደግመሽ ብትጫኚም አይቆጠርም። አስፈጻሚው እንደገና እስኪከፍተው ድረስ ዝም ነው። ማንንም አልመርጥም ለሚል ሰው ደግሞ ኖታ የሚባል የመጨረሻ ቁልፍ አለ። እሱ የገባው እ.ኤ.አ. በ2013 ነው።

አሁን ወደ ማስተማሩ። ከምርጫው በፊት ማሽኑን ይዘው ሰው ወዳለበት ይወጣሉ። እኔ ያየሁት አንድ ገበያ ዳር ነው። የጃስሚን አበባ የምትሸጥ አሮጊት ቀረበች። ሠራተኛው አንዴ በቃል ነገራት። ከዚያ ወደ ኋላ ሁለት እርምጃ ሄዶ እጆቹን ከጀርባው አጣመረ። እሷ ቀና ብላ ታየዋለች። እሱ ማሽኑን እንጂ እሷን አያይም። በመጨረሻ ተጫነች። ማሽኑ ሲጮህ ደንግጣ እጇን ሰበሰበች፣ ከዚያ ሳቀች። ያን የተጣመረ እጅ አልረሳውም። ለጥያቄሽ መልሱ እሱ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ልጨምር። ምርጫ ጣቢያ ውስጥ ማሽኑን የማያውቅ መራጭ ቢመጣ አስፈጻሚው ከመጋረጃው ጀርባ ገብቶ አያሳየውም። የማሽኑ ፎቶ የታተመበት ካርቶን አለው። ማብራሪያው ከመጋረጃው ውጭ፣ የፓርቲ ወኪሎች እያዩ፣ በካርቶኑ ላይ ነው። ካርቶኑ ላይ ያሉት ስሞችና ምልክቶችም የእውነቶቹ አይደሉም።

---

የአዌቱ ዳር | እሁድ፣ ከምሽቱ 4፡10

ካርቶን! ይሄን ማድረግ እችላለሁ። ቤት ውስጥ የዘይት ካርቶን ሞልቷል። ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

---

የቀድሞ ታዛቢ | ሰኞ፣ ከጠዋቱ 1፡20

ልጆቼ፣ እኔ ከአንድም ሁለት ምርጫ ታዝቤአለሁ። ስለ ማሽን ስትነጋገሩ ልቤ አልረጋም። ምክንያቴን ልንገራችሁ።

ሌሊት በፋኖስ ስንቆጥር አስፈጻሚው አንድ በአንድ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ ያሳያል። እኔ አያለሁ፣ ወኪሉ ያያል፣ አንብቦ የማያውቅ ገበሬ እንኳ ምልክቱን ያያል። ጭቅጭቅ ቢነሳ ወረቀቱ እዚያው ነው። ማሽኑ ሆድ ውስጥ የገባውን ቁጥር ማን አየው? መምህርት፣ ሰው የማያየውን ነገር እንዲያምን አታስተምሪ። የሚያየውን አስተምሪው።

ስለ ማስተማር ግን አንድ ምክር አለኝ። የአውራ ጣት አሻራ ሳይደርቅ ወረቀቱ ከታጠፈ ቀለሙ ወደ ማዶ ይታተማል። ስትከፍቺው ሁለት አሻራ ይሆናል። በዚህ ምክንያት ስንት ክርክር አይቻለሁ! አክስትሽ ያለ መነጽር ብትሆንም ይሄን ማወቅ ነበረባት። ቀለሙን አታብዙ፣ እፍ በሉበት፣ ከዚያ እጠፉት።

---

ከህንድ የተመለስኩ | ሰኞ፣ ከረፋዱ 4፡00

ጋሼ፣ አሻራው ወደ ማዶ ይታተማል ያሉት በጣም ትክክል ነው። ህንዶችም በወረቀት በሚመርጡበት ጊዜ ይሄ አስቸግሯቸው ነበር። መፍትሔ ያደረጉት ማኅተም ነው። መራጩ የቀስት ቅርጽ ባለው የጎማ ማኅተም ነበር የሚመታው። ቅርጹ ወደ አንድ አቅጣጫ የዞረ ስለሆነ ወደ ማዶ የተገለበጠው ሲታይ ያስታውቃል። ቆጣሪው የመጀመሪያውንና ጥላውን ይለያል።

ስለ ማሽኑ ያነሡትም ስጋት የእርስዎ ብቻ አይደለም። ጀርመን አገር ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. መጋቢት 3 ቀን 2009 የወሰነው ከእርስዎ ሐሳብ ጋር ይገጥማል። ማንኛውም ዜጋ የተለየ ሙያ ሳይኖረው የምርጫውን ዋና ዋና ደረጃዎች ማጣራት መቻል አለበት አለ። በዚያ ላይ ተመሥርቶ ሥራ ላይ የነበሩት ማሽኖች ያንን አያሟሉም ተባለ። በአህጉራችንም ናሚቢያ አለች። እ.ኤ.አ. በ2014 ከአፍሪካ የመጀመሪያ ሆና በህንድ ማሽን መረጠች። ወረቀት የሚያሳየው ሳጥን ግን አብሮ አልነበረም። በ2020 ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ ያለ ወረቀት ማረጋገጫ መጠቀም አይቻልም ብሎ ስለወሰነ ወደ ወረቀት ተመለሰች። የ7 ሰከንዷ ወረቀት ትንሽ ትመስላለች እንጂ ትልቅ ነገር ናት።

---

ቂጦ ፉርዲሳ | ሰኞ፣ ከቀኑ 7፡30

ሰላም። ጅማ ዩኒቨርሲቲ፣ ቂጦ ፉርዲሳ ግቢ ኤሌክትሪካል ነው የምማረው። መምህርት፣ ካርቶኑ ጥሩ ነው፤ መብራትና ጩኸት ከሌለው ግን ግማሹ ቀረ። ሰው የሚደነግጠው በጩኸቱ ነው። አስቀድሞ ከሰማው አይደነግጥም።

አራት ቁልፍ፣ አራት ትንንሽ መብራት፣ አንድ የበር ደወል፣ አንድ ባትሪ። ከተበላሹ ዕቃዎች ነቅዬ ልገጥመው እችላለሁ። ድምፅ አይቆጥርም፣ አያስቀምጥም። ማሳያ ብቻ ነው። ቅዳሜ ይደርሳል። ብር አልፈልግም። የኔም እናት አሻራ ነው የምታደርገው።

ግን ምን ምልክት ልለጥፍበት? የፓርቲ እንዳይሆን።

---

ከሂርማታ | ሰኞ፣ ከቀኑ 8፡15

ፍራፍሬ አድርገው። ማንጎ፣ አቮካዶ፣ ሙዝ፣ ፓፓያ። ቡናና ጀበና እንዳታደርግ። ጅማ ላይ ቡና ካለ ማንም ሌላ አይነካም!

---

የቀድሞ ታዛቢ | ሰኞ፣ ከምሽቱ 1፡40

ፍራፍሬውም ቢሆን ከማንም ፓርቲ ምልክት ጋር እንዳይመሳሰል ቀድማችሁ አጣሩ። ምልክት ቀላል ነገር አይደለም። ኅዳር 10 ቀን 2012 በሲዳማ ሕዝበ ውሳኔ ጊዜ ወረቀቱ ላይ የነበሩት ሁለት ምልክቶች ነበሩ፤ ሻፌታና ጎጆ። ሰዉ «ሻፌታ» ሲል ክልል መሆን ማለቱ ነበር። ምልክቱ የሐሳቡ ስም ሆኗል። እናንተ ማንጎ ላይ ደጋግማችሁ ብታስተምሩና በኋላ ማንጎ የያዘ ተወዳዳሪ ቢመጣ ሳታስቡት ቀስቅሳችሁለታል።

---

ነጭ በትር | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡00

ሁላችሁም ስለ ማየት እያወራችሁ ነው። ቀይ መብራት፣ ሥዕል፣ መስታወት። እኔ ማየት የተሳነኝ ነኝ። እባካችሁ እኛንም አስቡን።

ባለፈ አንድ ምርጫ አብሮኝ የሚገባ ሰው ራሴ መርጬ ይዤ ሄድኩ። ወንድሜ ነው። ውስጥ ገብተን በጆሮው ነገርኩት። እሱም ምልክት አደረገ። ደጅ ላይ የቆመው ሰው ግን «ማንን ነው ያልከው?» ብሎ ጠየቀን። ወንድሜ ደንግጦ መለሰለት። ሰውየው ጮክ ብሎ ደገመው። ሰልፉ ላይ የነበረው ሁሉ ሰማ። ክፋት አልነበረውም፣ የረዳኝ መስሎት ነው። እኔ ግን ወደ ቤቴ ስመለስ አንድ ነገር እንደተወሰደብኝ ሆኖ ተሰማኝ።

ስለ ህንዱ ማሽን ያነበብኩት አለኝ። ከቁልፎቹ ጎን የብሬል ቁጥር አለ። ማየት የማይችል ሰው ዝርዝሩን በብሬል ተሰጥቶት ቁጥሩን ዳስሶ ራሱ ይጫናል። ረዳት ይዞ መግባትም ይችላል። ረዳቱ 18 ዓመት የሞላው መሆን አለበት፣ ምስጢሩን እጠብቃለሁ ብሎ ይፈርማል፣ በዚያ ቀንም ከአንድ ሰው በላይ አይረዳም። ይቺ የመጨረሻዋ ደስ ትላለች። አንድ ሰው ሰፈሩን ሁሉ «እየረዳ» እንዳይመርጥላቸው ማለት ነው።

መምህርት፣ ረዳት ሆነው የሚገቡትንም አስተምሪ። የሰሙትን እዚያው ትተው እንዲወጡ።

---

የአዌቱ ዳር | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡25

ነጭ በትር፣ አንብቤው ዝም ብዬ ቆየሁ። ይቅርታ አድርግልን። አንተ ብትመጣና የረዳቶቹን ክፍል ብታስተምርልን? አደባባዩ ጋ ቆሜ እቀበልሃለሁ፣ በባጃጅ አብረን እንሄዳለን። እምቢ አትበለኝ።

ቂጦ ወንድሜ፣ ሰማያዊ ክዳን ያላቸውን የውኃ ጠርሙሶች ክዳን ሰብስቤልሃለሁ። ለቁልፍ ይሆናል።

---

ነጭ በትር | ሰኞ፣ ከምሽቱ 3፡40

እመጣለሁ።

---

ቆጪ ሰፈር | ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2፡10

ከብዙ ቀን በኋላ ደስ የሚል ክር አገኘሁ። እኔም ያለኝን ላዋጣ።

ጋምቢያ ያሉ ሰዎች እ.ኤ.አ. ከ1960ዎቹ ጀምሮ ለብዙ ዘመን የመረጡት በብይ ነው። አዎ፣ ልጆች የሚጫወቱበት የመስታወት ብይ! እያንዳንዱ ተወዳዳሪ በፓርቲው ቀለም የተቀባ በርሜል አለው፣ ፎቶውም ተለጥፎበታል። መራጩ አንድ ብይ ይሰጠውና መጋረጃ ጀርባ ገብቶ በሚፈልገው በርሜል ቀዳዳ ይጥላታል። ውስጥ ደወል አለ፤ አንዴ ቃጭል ይላል። ውጭ ያለው አስፈጻሚ ይሰማል። ሁለት ጊዜ ከተሰማ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። በዚህ የተነሳ በምርጫ ቀን ጣቢያው አካባቢ ብስክሌት አይፈቀድም፤ የብስክሌት ቃጭል እንዳያምታታ።

ይሄን የማነሳው ማንበብ ለማይችል ሰው ተብሎ የታሰበ ነገር ሲያምር ስላየሁ ነው። ማንም ብይ መጣል ይችላል። ማስተማሪያው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው።

በተቃራኒው ደግሞ አሜሪካን እዩ። እ.ኤ.አ. በ2000 የፕሬዝዳንት ምርጫ ብዙ የፍሎሪዳ አውራጃዎች ካርድ በሚበሳ መሣሪያ ነበር የሚመርጡት። ሳትበጠስ የተንጠለጠለች ቁራጭ እንዳትኖር ካርዳችሁን ከጀርባ እዩ የሚል ማሳሰቢያ ተጽፎ ነበር። ተጽፎ ነበር እኮ! ግን ስንቱ አነበበው? ፓልም ቢች በሚባለው አውራጃ ደግሞ የተወዳዳሪዎቹ ስም በግራና በቀኝ ገጽ ሆኖ፣ የሚበሱት ቀዳዳዎች መሃል ላይ ተደርድረው ነበር። ከ19 ሺህ በላይ ካርዶች ከአንድ ሰው በላይ ተመርጦባቸው ዋጋ አጡ። የግዛቱ ውጤት የተለየው በ537 ድምፅ ነው። እነዚያ ሰዎች ማንበብ የሚችሉ፣ የተማሩ ናቸው። እንግዲህ ጥፋቱን መራጩ ላይ መጣል ደግ አይደለም።

---

ከህንድ የተመለስኩ | ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6፡50

ቆጪ ሰፈር፣ ብራዚልም አንዲት ደስ የምትል ልማድ አለች። ማሽናቸው እንደ ስልክ ቁጥር መምቻ አለው። የተወዳዳሪውን ቁጥር ስትመታ ፎቶው ይመጣል። ትክክል ከሆነ አረንጓዴውን፣ ከተሳሳትክ ብርቱካናማውን ትጫናለህ። በአንድ ቀን ለብዙ ሥልጣን ስለሚመርጡ ቁጥሩን በቃል መያዝ ይከብዳል። ስለዚህ ቤታቸው ቁጭ ብለው በትንሽ ወረቀት ጽፈው ይዘው ይገባሉ። የተፈቀደ ነው። ስልክ ግን ይዞ መግባት ክልክል ነው።

መምህርት፣ አክስትሽም ቤቷ ብትለማመድ የምለው ለዚህ ነው። ሰው ሰከን ብሎ የሚያስብበት ቦታ መጋረጃው ጀርባ አይደለም። እዚያ ልብ ይመታል፣ ሰልፍ ይጠብቃል።

---

የአዌቱ ዳር | እሁድ፣ ከምሽቱ 1፡30

ዛሬ ሆነ! ሳይበርድልኝ ልጻፈው።

የእድሩ ቤት ሞላ። ሃያ ሰባት ሰው ቆጠርኩ። ልጅ ቂጦ ማሽኑን በኩርቱ ፌስታል ይዞ መጣ። የዘይት ካርቶን በነጭ ወረቀት ተለብጦ፣ አራት ሰማያዊ ክዳን፣ አራት መብራት። ደወሉን ሲያስጮኸው ልጆቹ በመስኮት ተሰገሰጉ። ነጠላ ዘርግተን መጋረጃ ሠራን። በአማርኛና በኦሮምኛ እያፈራረቅኩ አስረዳሁ።

ያላሰብኩት ችግር የመጣው ከራሱ ከቋንቋችን ነው። «ቁልፉን ስትጫኑ ማሽኑ ድምፅ ይሰጣል» አልኩ። አንዲት እናት ተቆጡ። «ማሽኑ ድምፅ ከሰጠ እኛ ምን ልናደርግ ሄድን?» አሉ። ሁሉም አጉረመረመ። ቆም ብዬ ሳስበው እውነታቸውን ነው። «ድምፅ» ስንል ጩኸቱም ድምፅ፣ ምርጫውም ድምፅ። ኦሮምኛውም «ሰገሌ» ሲል ሁለቱንም ነው። ከዚያ በኋላ «ማሽኑ ይጮሃል፣ ድምፅ የምትሰጡት እናንተ ናችሁ» ማለት ጀመርኩ። ተረጋጉ። ማንም የምታስተምሩ ካላችሁ ይቺን ቃል ልብ በሉ።

ሁለተኛው ቀዩ መብራት ነው። አንድ አባት ማንጎን ተጫኑ፣ ቀይ በራ፣ እሳቸው ደግሞ እጃቸውን ሰብስበው «ተሳሳትኩ» አሉ። ቀይ ማለት ቁም ማለት አይደል? የተሰማሩት በሹፍርና ነበር ድሮ። ሦስት ሰዎች እንደዚያው አሰቡ። ስለዚህ ማሽኑ ሳይነካ በፊት «ቀይ ሲበራ ተቀበለ ማለት ነው» ብዬ ሦስት ጊዜ አስባልኳቸው።

ሰባቱን ሰከንድ ደግሞ በሰዓት መናገር አልሠራም። ልጅ ቂጦ ወረቀት በመስታወት ጀርባ ያሳይና እኛ አንድ ላይ እስከ ሰባት እንቆጥራለን። ሰባት ላይ ይጥለዋል። አክስቴ በሦስተኛው ዙር ብቻዋን ቆጠረች።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። አንዲት ወጣት እናት ልጇን አዝላ መጋረጃው ጋ ደረሰችና ዞር ብላ «መምህርት፣ የቱን ልጫን?» አለችኝ። በፍራፍሬ እኮ ነው! ማንጎና ሙዝ! ሆኖም ዓይኖቿ ፊቴ ላይ ነበሩ። ሌሎቹም ሁሉ እያዩኝ ነበር። ያኔ ገባኝ። በቅንድቤ ብጠቁም ያንን ትጫናለች። በእውነተኛውም ቀን አንዱን ፊት ፈልጋ ታያለች። የህንዱ ሠራተኛ ትዝ አለኝና እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ቤቱ ጸጥ አለ። ቆየ። ከዚያ ደወሉ ጮኸ። ስትወጣ ምን እንደተጫነች አልጠየቅኳትም። ሌላ ሰው «ምን መረጥሽ?» ሲላት «አልነግርህም!» አለችው። ቤቱ በእልልታ ተሞላ። ካስተማርኩት ሁሉ ያቺን ቃል እወዳታለሁ።

ነጭ በትር የረዳቶቹን ክፍል ወሰደ። አንድ ወጣት ረዳት አድርጎ ይዞት ገባ። ሲወጡ እኔ ሆን ብዬ «ማንን አለህ?» ብዬ ጮህኩ። ወጣቱ አፉን ሊከፍት ሲል ነጭ በትር ክንዱን ያዝ አደረገው። «እዚህ ጋ ነው ዝም የምትለው» አለው። ከዚያ በኋላ አምስት ሰው ተለማመደ። አምስቱም ዝም አሉ።

ማሽኑ ሲያልቅ ወደ ወረቀቱ ገባን። እኛን የሚመለከተው እሱ ነውና ብዙ ሰዓት የሰጠሁት ለሱ ነው። ፍራፍሬ የታተመበት ወረቀት አባዝቼ ነበር። የኤክስ ምልክትም አሻራም ተለማመዱ። የጋሼን ምክር ይዤ እፍ በሉበት አልኩ። ሃያ ሰባት ሰው አውራ ጣቱን አንሥቶ ወረቀት ላይ እፍ ሲል ማየት! ቆጠራውን ራሳቸው አደረጉት። አንዷ ወረቀቱን ከፍ አድርጋ ስታሳይ ሌሎቹ «ማንጎ!» «ሙዝ!» ይላሉ። በመጀመሪያው ዙር ስድስት ወረቀት ወደቀ። መስመር ላይ ያረፈ፣ ሁለት ቦታ የተነካ፣ ወደ ማዶ የታተመ። ለምን እንደወደቀ ራሳቸው ተከራከሩ። በሁለተኛው ዙር አንድ ብቻ ወደቀ።

---

የቀድሞ ታዛቢ | እሁድ፣ ከምሽቱ 2፡05

ልጄ፣ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ራሳቸው እንዲቆጥሩ ማድረግሽ ትልቅ ነገር ነው። ወረቀቱ ለምን እንደሚወድቅ ያየ ሰው የራሱን አይጥልም። ስለ ማሽኑ ሐሳቤ አልተለወጠም። ይሁንና ህንዶቹ በምርጫው ጠዋት የሚያደርጉት ነገር ካለ ንገሩኝ። ሳጥን ባዶ መሆኑን እኛ ከፍተን እናሳያለን። የማሽን ባዶነት እንዴት ይታያል?

---

ከህንድ የተመለስኩ | እሁድ፣ ከምሽቱ 2፡30

ጋሼ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ድምፅ መስጠት ከመጀመሩ በፊት ወኪሎቹ ባሉበት የሙከራ ምርጫ ያደርጋሉ። ቢያንስ 50 ድምፅ ይጫናሉ። የማሽኑን ቁጥርና የወረቀቶቹን ቁጥር ያስተያያሉ። ከገጠመ የሙከራውን ድምፅ ከማሽኑ ያጠፉታል፣ ወረቀቶቹን ያወጣሉ፣ ዜሮ መሆኑን ለሁሉም ያሳያሉ፣ ያሽጉታል። ከዚያ ነው በሩ የሚከፈተው። እ.ኤ.አ. ከ2019 ጀምሮ ደግሞ ከቆጠራው ጋር በእያንዳንዱ የክልል ምክር ቤት ምርጫ ክልል በዕጣ የወጡ አምስት የወረቀት ሳጥኖች ተከፍተው በእጅ ይቆጠራሉ።

---

የቀድሞ ታዛቢ | እሁድ፣ ከምሽቱ 2፡40

አምስት ጥቂት ነው። ቢሆንም መክፈታቸው ጥሩ።

---

ከሂርማታ | እሁድ፣ ከምሽቱ 3፡10

መምህርት፣ ሐሙስ ገበያ ቀን ሱቄ በር ላይ ቦታ አለ። ጥላም አለ። ማሽኑንና ወረቀቱን ይዘሽ ነይ። ከማና፣ ከሰቃ የሚመጡት እናቶች ዕቃቸውን እስኪሸጡ ይማራሉ። ጠረጴዛውን እኔ አቀርባለሁ። አክስትሽስ ምን አለች?

---

የአዌቱ ዳር | እሁድ፣ ከምሽቱ 3፡35

ሐሙስ እንመጣለን። ልጅ ቂጦ ደወሉን ጮክ ያለ ያደርገዋል፣ ለገበያ ጫጫታ።

አክስቴ ዛሬ መነጽሯን ይዛ ነው የመጣችው። በመሃረብ ጠቅልላ። ወረቀቷን ወስዳ መጋረጃው ጀርባ ገባች። ብዙ ቆየች። ስትወጣ አጥፋ ሳጥኑ ውስጥ ከተተችውና ምንም አላለችም። ቡና ላይ ጠብቄ ነበር፤ አቦሉም ቶናውም አለፈ። በረካው ላይ ቦርሳዋን ከፈተችና ባዶ የመለማመጃ ወረቀት አምስት ቅጠል አወጣች። ለጎረቤቶቿ ይዛ ልትሄድ ከጠረጴዛው ላይ አንሥታ ነው። «ቀለሙን ደግሞ ስጪኝ» አለችኝ።